ከካልኩለስ በፊት፦ የክረምት የትሪጎኖሜትሪ ዝግጅት ደረጃ በደረጃ

ካልኩለስ አልገባኝም የሚል ተማሪ የፈተና ወረቀቱ ሲታይ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ካልኩለሱ ላይ አይደለም። ደሪቬቲቩን (ፈንክሽኑ የሚለወጥበትን ፍጥነት) አስተካክሎ ያወጣል፣ እኩል ዜሮ ይላል፣ ከዚያ «ኮሳይን ሀ = −1/2» ላይ ሲደርስ እዚያው ይቆማል። ወይም አንዱን መልስ አግኝቶ ሁለተኛውን ይረሳል። ወይም ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ መሆኑን ሳያይ ቁጥር ያስገባል። እነዚህ ሁሉ የትሪጎኖሜትሪ ክፍተቶች ናቸው፤ ካልኩለስ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመድፈን ጊዜ አይገኝም።

ይህ መመሪያ ክረምቱን ቤታቸው ሆነው ለሚያጠኑ ነው፤ በተለይ ከአዲስ አበባ ዳር፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ ከአያት ወዲያ፣ በለቡ ወይም በሱሉልታ መስመር ለሚኖሩና ማጠናከሪያ ትምህርት ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ለሚኖርባቸው። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። የሚያስፈልጉት አንድ ባለ ካሬ ደብተር፣ ኮምፓስ፣ ፕሮትራክተር፣ ማስመሪያ፣ ሁለት ሜትር ያህል ሲባጎ እና ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ናቸው። ካልኩሌተሩ ከሌለ የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱና ስልኩን አግድም አዙሩት፤ በብዙዎቹ ላይ የሳይንና የኮሳይን ቁልፎች ብቅ ይላሉ። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አምስት ቀን ከሠራችሁ ስድስት ሳምንት ይበቃል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይያዝ። በታችኛው ክፍል የተማራችሁት ትሪጎኖሜትሪ የጎነ ሦስት ጎን መፈለጊያ ነበር። ካልኩለስ የሚፈልገው ሳይንና ኮሳይንን እንደ ፈንክሽን ነው፤ ቁጥር ይገባል፣ ቁጥር ይወጣል፣ ግራፉ ይወጣል ይወርዳል፣ እኛም የሚለወጥበትን ፍጥነት እንጠይቃለን። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር የተደረደረ ስለሆነ አትዝለሉት። ማዕዘኑን ሀ፣ ሁለተኛ ማዕዘን ሲመጣ ለ እንለዋለን። ሳይን²ሀ ሲባል ሳይን ሀ ተወስዶ በራሱ ሲባዛ ነው።

ደረጃ 1፦ አልጀብራውን ፈትሹ

ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። 2መ² − መ − 1 = 0 ን በፋክተር ፍቱ፤ መልሱ 1 እና −1/2 ነው። 1/√2 ለምን √2/2 እንደሚሆን አሳዩ። (ሀ+ለ)² ን ዘርዝሩ። ሦስቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከወሰዱባችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ለፋክተሪንግና ለክፍልፋይ ስጡት። ይህን የዘለለ ተማሪ ደረጃ 6 ላይ ትሪጎኖሜትሪው የከበደው ይመስለዋል፤ የከበደው ግን ክፍልፋዩ ነው።

ደረጃ 2፦ ራዲያንን በእጃችሁ ለኩት

ትልቁ መሻገሪያ ይኼ ነው፤ ሁለትና ሦስት ቀን ቢወስድም አትሳሱለት። ከማድ ቤት ምጣድ ወይም ሰፌድ አምጡ። ዲያሜትሩን ለኩ፤ 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ራዲየሱ 30 ይሆናል። ከሲባጎው ልክ 30 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በጠርዙ ዙሪያ አስተኙት፤ የተነሳበትንና ያለቀበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከሁለቱ ምልክቶች ወደ መሃል የሚሄዱት መስመሮች የሚሠሩት ማዕዘን አንድ ራዲያን ነው። በፕሮትራክተር ብትለኩት 57 ዲግሪ ከምናምን ታገኛላችሁ።

አሁን ሲባጎውን እየቀጠላችሁ ሙሉውን ዙር ሂዱ። ስድስት ጊዜ ያርፍና ወደ 8.5 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሙሉ ዙር 2ፓይ ራዲያን ወይም 6.283 ነው የሚባለው ይኼ ነው። ትርፉ በጣም ከሰፋ ጥፋቱን ራዲየሱ ላይ ፈልጉ፤ ማስመሪያው በመሃል ሳያልፍ ቀርቶ 30ውን 29 ብትሉት ትርፉ ከ8.5 ወደ 14.5 ሳንቲ ሜትር ይዘላል፣ ምክንያቱም ያችው የአንድ ሳንቲ ሜትር ስህተት ስድስት ጊዜ ትደመራለች። የሚለጠጥ ክርም አይሆንም።

ከዚህ ልኬት ሁለት ፎርሙላ በነፃ ይገኛል። የቅስት ርዝመት = ራዲየስ × ማዕዘን። የክቡ ቁራጭ ስፋት = ½ × ራዲየስ² × ማዕዘን። ሁለቱም በዚህ መልክ የሚሠሩት ማዕዘኑ በራዲያን ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ምልክት አድርጉበት፤ ደረጃ 8 ላይ ካልኩለሱን የሚከፍተው እሱ ነው።

ከዚያ ቅያሪውን አጥኑ፦ 180 ዲግሪ ፓይ፣ 90 ፓይ/2፣ 60 ፓይ/3፣ 45 ፓይ/4፣ 30 ፓይ/6። ከዛሬ ጀምሮ ደብተራችሁ ላይ ዲግሪ አትጻፉ። መጀመሪያ ቀርፋፋ ትሆናላችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ይለመዳል።

ካልኩሌተሩ የት እንዳለ የሚታወቅበት መላ፦ የ30ን ሳይን ጠይቁት። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው፤ −0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው። ካልኩሌተሩን ባነሳችሁ ቁጥር ይህን ማድረግ ልማድ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ሁለት ጎነ ሦስት እና አንድ ክብ

የሳይንና የኮሳይን ሠንጠረዥ በቃል የሚሸመድድ ሰው ፈተና ላይ √2/2 እና √3/2 ይቀላቀሉበታል። በሁለት ሥዕል ማውጣት ይሻላል። ጎኑ 1 የሆነ ካሬ በሰያፍ ለሁለት ይከፈል፤ ሰያፉ √2 ነው፣ ስለዚህ የፓይ/4 ሳይንም ኮሳይንም 1/√2 ነው። ቀጥሎ ሦስቱም ጎኑ 2 የሆነ ጎነ ሦስት ከጫፉ ወደ ታች ለሁለት ይከፈል፤ ቁመቱ √3፣ ግማሽ መሠረቱ 1 ይሆናል። ስለዚህ የፓይ/6 ሳይን 1/2፣ የፓይ/3 ሳይን √3/2። ለማስታወስ ደግሞ ከ0 እስከ ፓይ/2 ያሉት አምስቱ የሳይን ዋጋዎች √0/2፣ √1/2፣ √2/2፣ √3/2፣ √4/2 ናቸው፤ ኮሳይን ያንኑ በግልባጭ ይሄዳል።

አሁን ባለ ካሬው ደብተር ላይ ራዲየሱ አሥር ካሬ የሆነ ክብ በኮምፓስ ሥሩ፤ አሥሩን ካሬ 1 ብላችሁ ቁጠሩት። ይህ ዩኒት ሰርክል ነው። ከቀኝ ተነስታችሁ ወደ ላይ ሀ ያህል ስትዞሩ የምትደርሱበት ነጥብ አግድም ርቀቱ ኮሳይን ሀ፣ ከፍታው ሳይን ሀ ነው። የምልክት ጉዳይ እዚህ ያልቃል፦ ነጥቡ ከመሃል ወደ ግራ ከሆነ ኮሳይን ኔጋቲቭ፣ ወደ ታች ከሆነ ሳይን ኔጋቲቭ። ስለየኳድራንቱ (ከቀኝ ላይኛው ተነስተን ወደ ግራ እየዞርን ስለምንቆጥራቸው አራት የክቡ ሩቦች) የተለየ ግጥም መሸምደድ አያስፈልግም።

በየቀኑ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለአምስት ደቂቃ ባዶ ክብ ሥሩና አሥራ ስድስቱን ነጥቦች ሙሉ። የ5ፓይ/6፣ የ7ፓይ/6 እና የ11ፓይ/6 ዋጋ ሳታስቡ እስኪመጣላችሁ ይህን አታቁሙ።

ታንጀንት ሳይን ሲካፈል ለኮሳይን ነው፤ የመስመሩ ቁልቁለት ወይም ዳገትነት ማለት ነው። ይህን አንድ ቀን ውጭ ወጥታችሁ ብትሠሩት ከእጅ አይወጣም። ፕሮትራክተሩ ቀጥ ያለ ጎን ላይ ስትሮ በፕላስተር ለጥፉ፣ ከመሃሉ ክር አውርዱ፣ ጫፉ ላይ ዳዶ እሰሩ። ኮብልስቶኑ ዳር ካለ የመብራት ምሰሶ 12 ሜትር ርቃችሁ ቁሙና በስትሮው ጫፉን እዩ፤ ጓደኛችሁ ክሩ ያረፈበትን ያንብብ። ክሩ 55 ላይ ካረፈ ማዕዘኑ 90 − 55 = 35 ዲግሪ ነው፤ 55ቱን ራሱን ወስዶ ማስላት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የ35 ዲግሪ ታንጀንት 0.700 ነው፤ 12 × 0.700 = 8.4፤ የዓይናችሁን ከፍታ 1.6 ሜትር ስትጨምሩ ምሰሶው 10 ሜትር ይሆናል።

ከዚያ ስህተቱን አጥኑ። ሁለት ዲግሪ አዛብታችሁ ብታነቡ ቁመቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይዛባል። ይኸንኑ ምሰሶ 3 ሜትር ብቻ ርቃችሁ ብትለኩት ማዕዘኑ 70 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ያችው ሁለት ዲግሪ አንድ ሜትር ገደማ ታዛባለች። ታንጀንት ወደ ፓይ/2 ሲጠጋ ሽቅብ ይምዘገዘጋል። ካልኩለስ ይህን «የታንጀንት ደሪቬቲቭ 1/ኮሳይን²ሀ ነው» ብሎ ይጽፈዋል።

ደረጃ 4፦ ግራፉ

የሳይንን ግራፍ ከክቡ ቀድታችሁ ሥሩ፤ ማዕዘኑን በአግድም፣ ከፍታውን በቁም። ከዚያ አራት ነገር ብቻ ነው የሚለዋወጠው፦ የመሃል መስመሩ፣ ከመሃሉ የሚወጣበትና የሚወርድበት ልክ ማለትም አምፕሊቲዩዱ፣ አንድ ዙር የሚጨርስበት ፔሬድ፣ እና ወደ ጎን የተገፋበት መጠን። በሳይን(3ሀ) ውስጥ ፔሬዱ 2ፓይ/3 ነው፤ 3 ሲያበዛ ግራፉ ይጠብባል እንጂ አይሰፋም። ለግፊቱ ደግሞ 3ሳይን(4ሀ − ፓይ) ን በፓይ ወደ ቀኝ የተገፋ ነው የሚል ብዙ ነው። መጀመሪያ 4ቱን ፋክተር አውጡ፦ 4(ሀ − ፓይ/4)። ግፊቱ ፓይ/4 ነው።

ለዚህ ደረጃ የሚሆን ምሳሌ የአዲስ አበባ ቀን ራሱ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች የብርሃን ሰዓቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሰኔ አጋማሽ ወደ 12 ሰዓት ከ39 ደቂቃ፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ወደ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይሆናል። መሃሉ 727 ደቂቃ፣ አምፕሊቲዩዱ 32 ደቂቃ፣ ፔሬዱ 365 ቀን ነው። ከመጋቢት 12 ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ቀ ብንላቸው፦

የቀኑ ርዝመት በደቂቃ ≈ 727 + 32 × ሳይን(2ፓይ × ቀ / 365)

«ቀ»ን በሠላሳ በሠላሳ ከፍ እያደረጋችሁ አሥራ ሁለት ነጥብ አስሉና ግራፉን ሥሩ። ጫፉ ቀ = 91 ላይ፣ ማለትም ሰኔ 13 ይውላል። ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ከነበረ ዓመቱን ሙሉ ከ727 ብዙም ፈቀቅ የማይል ጠፍጣፋ መስመር ታያላችሁ።

አሁን ግራፉን ተመልከቱ። ሰኔ 13 ላይ ጠፍጣፋ ነው፤ ቀኑ በጣም ረጅም ነው፣ ግን ከትናንት ምንም አልጨመረም። መጋቢት 12 ላይ ደግሞ ርዝመቱ መሃል ነው፣ ጭማሪው ግን ከዓመቱ ሁሉ ፈጣን ነው፦ 32 × 2ፓይ/365 = 0.55 ደቂቃ፣ በቀን 33 ሴኮንድ ያህል። ሳይን ጫፍ ላይ ሲሆን ፍጥነቱ ዜሮ፣ ሳይን መሃል ሲያልፍ ፍጥነቱ ጫፍ ላይ ነው። ይህ ባሕርይ የኮሳይን ነው። የሳይን ደሪቬቲቭ ኮሳይን ነው የሚለውን ማንም ሳይነግራችሁ በዓይናችሁ አያችሁት።

ደረጃ 5፦ የትኞቹን አይደንቲቲዎች

አይደንቲቲ ለማንኛውም ማዕዘን እውነት የሚሆን እኩልታ ነው። መጽሐፍ ላይ የተደረደሩትን ሁሉ መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው። በቃል የሚያዙት ሦስት ናቸው፦

ሳይን²ሀ + ኮሳይን²ሀ = 1
ሳይን(ሀ+ለ) = ሳይን ሀ ኮሳይን ለ + ኮሳይን ሀ ሳይን ለ
ኮሳይን(ሀ+ለ) = ኮሳይን ሀ ኮሳይን ለ − ሳይን ሀ ሳይን ለ

የቀሩት ከእነዚህ ይወጣሉ፤ እናንተም በየጊዜው አውጧቸው። ለን በሀ ብትተኩ ሳይን 2ሀ = 2 ሳይን ሀ ኮሳይን ሀ ይመጣል። ኮሳይን 2ሀ ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ሲጣመር በሦስት መልክ ይጻፋል፤ ከዚያ ኮሳይን²ሀ = (1 + ኮሳይን 2ሀ)/2 ይገኛል። ይህ የመጨረሻው፣ ኢንቲግራል (ስፋት የሚሰላበት የካልኩለስ ክፍል) ላይ ስኩዌርን ለማስወገድ በየጊዜው ስለሚያስፈልግ ከየት እንደመጣ ሳታመነቱ ማሳየት አለባችሁ። የመጀመሪያውን ለኮሳይን²ሀ ብታካፍሉ 1 + ታንጀንት²ሀ = 1/ኮሳይን²ሀ ይሆናል።

የድምር ፎርሙላውን ምንጭ ማየት ለሚፈልግ፦ ዩኒት ሰርክል ላይ በሀ እና በለ ሁለት ነጥብ አስቀምጡ፣ የመሃላቸውን ርቀት ስኩዌር በሁለት መንገድ አስሉ። በነጥቦቹ ካሰላችሁት 2 − 2(ኮሳይን ሀ ኮሳይን ለ + ሳይን ሀ ሳይን ለ) ነው። ክቡን አዙራችሁ አንዱን ነጥብ መነሻው ላይ ብታሳርፉት 2 − 2ኮሳይን(ሀ−ለ) ነው። ርቀቱ በመዞር ስለማይለወጥ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በለ ቦታ −ለ ብታስገቡ የኮሳይን(ሀ+ለ) ፎርሙላ ይወጣል።

ሳይን(ሀ+ለ) ን «ሳይን ሀ + ሳይን ለ» ብሎ መበተን ከሁሉ የሚደጋገም ጥፋት ነው። ፓይ/6 እና ፓይ/3 ን ሞክሩበት፤ የድምራቸው ሳይን 1 ነው፣ የሳይናቸው ድምር ግን 1.366። ሳይን ከ1 አይበልጥምና መልሱ ራሱ ይመሰክራል። ሌላው የሳይን⁻¹ ምልክት ነው፤ ካልኩሌተሩ ላይ ያለው ይህ ቁልፍ ማዕዘኑን ይመልሳል እንጂ 1 ሲካፈል ለሳይን አይደለም።

ደረጃ 6፦ እኩልታ መፍታት

ካልኩለስ ውስጥ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታ ሲፈለግ መጨረሻው ሁልጊዜ እዚህ ነው። ሳይን 2ሀ = ሳይን ሀ ን ከ0 እስከ 2ፓይ ባለው ውስጥ (2ፓይን ሳይጨምር) ፍቱ። ብዙዎች 2 ሳይን ሀ ኮሳይን ሀ = ሳይን ሀ ብለው ሁለቱንም ወገን ለሳይን ሀ ያካፍላሉ፣ ኮሳይን ሀ = 1/2 ያገኛሉ፣ ፓይ/3 እና 5ፓይ/3 ብለው ይጨርሳሉ። ሲያካፍሉ ሳይን ሀ ዜሮ የሚሆንባቸውን 0 ን እና ፓይን ጣሏቸው። ሁሉን ወደ አንድ ወገን አምጡ፣ ፋክተር አውጡ፦ ሳይን ሀ (2 ኮሳይን ሀ − 1) = 0። መልሱ አራት ነው።

ከካልኩሌተሩ ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚወጣው፤ የሳይን⁻¹ ቁልፍ ሁልጊዜ ከ−ፓይ/2 እስከ ፓይ/2 ያለውን ይሰጣል። ሁለተኛውን ከክቡ እናንተ ትፈልጋላችሁ፦ ለሳይን ፓይ − ሀ፣ ለኮሳይን 2ፓይ − ሀ።

ደረጃ 7፦ ጊዜውን እንዴት ትከፋፈሉታላችሁ

ራዲያንና ክቡ ሁለት ሳምንት፣ ግራፉ አንድ፣ አይደንቲቲ አንድ፣ እኩልታ አንድ፣ የመጨረሻው ሳምንት ለሚቀጥለው ደረጃና ለድጋሚ ልምምድ። አይደንቲቲ ማረጋገጥ ላይ ብቻ አንድ ወር የሚያጠፉ አሉ፤ ካልኩለስ ያን ያህል አይጠይቅም። የክቡን ልምምድ ካሳነሳችሁ ግን ሁሉም ነገር ይዘገያል።

ደረጃ 8፦ ድልድዩ

ካልኩሌተሩን ራዲያን ላይ አድርጋችሁ ሳይን ሀ ን ለሀ አካፍሉ። ሀ = 0.5 ሲሆን 0.958851፣ 0.1 ሲሆን 0.998334፣ 0.01 ሲሆን 0.999983። ወደ 1 እየተጠጋ ነው። ወደ ዲግሪ ቀይሩና ድገሙት፦ 1 ዲግሪ ላይ 0.0174524፣ 0.1 ላይ 0.0174533። ይህ ቁጥር ፓይ/180 ነው። በዲግሪ ብንሠራ ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ ደሪቬቲቭ ላይ ይለጠፍብን ነበር፤ ራዲያን የተመረጠው እሱን 1 ስለሚያደርገው ነው።

ለምን 1? ዩኒት ሰርክል ላይ ትንሽ ማዕዘን ሀ ሥሩ። በውስጥ ያለው ጎነ ሦስት ስፋት ½ ሳይን ሀ፣ የክቡ ቁራጭ ስፋት ½ ሀ፣ ከውጭ ያለው ትልቁ ጎነ ሦስት ½ ታንጀንት ሀ። ትንሹ ከመሃለኛው፣ መሃለኛው ከትልቁ ያንሳል። በ½ ሳይን ሀ አካፍላችሁ ስትገለብጡ ሳይን ሀ/ሀ በኮሳይን ሀ እና በ1 መሃል ይጠመዳል፤ ሀ ወደ ዜሮ ሲሄድ ኮሳይን ሀም ወደ 1 ይሄዳል። ሌላው የሚያስፈልገው (ኮሳይን ለ − 1)/ለ ወደ ዜሮ መሄዱ ነው፤ በካልኩሌተሩ 0.1 ላይ −0.04996፣ 0.01 ላይ −0.005 አይታችሁ አረጋግጡ።

አሁን ሀን በትንሹ ለ ጨምሩና የሳይንን ለውጥ ለለ አካፍሉ። በድምር ፎርሙላው ሲበተን፦

ሳይን ሀ × (ኮሳይን ለ − 1)/ለ + ኮሳይን ሀ × ሳይን ለ/ለ

የመጀመሪያው ወገን ይጠፋል፣ ሁለተኛው ኮሳይን ሀ ሆኖ ይቀራል። ይህን ባዶ ወረቀት ላይ ምንም ሳታዩ ከሠራችሁት ዝግጅታችሁ አልቋል።

የራስ መፈተሻ፣ ያለ ካልኩሌተር በ25 ደቂቃ

1. የ7ፓይ/6 ሳይን ስንት ነው?
2. ሳይን ሀ = 3/5 ሆኖ ሀ ሁለተኛው ኳድራንት ውስጥ ከሆነ ሳይን 2ሀ ስንት ነው?
3. የ3ሳይን(4ሀ − ፓይ) አምፕሊቲዩድ፣ ፔሬድና ግፊት?
4. ኮሳይን 2ሀ = ኮሳይን ሀ ን ከ0 እስከ 2ፓይ ባለው ውስጥ (2ፓይን ሳይጨምር) ፍቱ።
5. የ5ፓይ/6ን ሳይን ወስዳችሁ መልሳችሁ ሳይን⁻¹ ብትሉት ምን ይወጣል?
6. ሀ ወደ ዜሮ ሲሄድ ሳይን(3ሀ)/ሀ ወደ ስንት ይሄዳል?

መልስ፦ 1. −1/2። 2. −24/25፤ ፕላስ ያገኘ የኮሳይንን ምልክት ረስቷል፣ ወደ ደረጃ 3። 3. አምፕሊቲዩድ 3፣ ፔሬድ ፓይ/2፣ ግፊት ወደ ቀኝ ፓይ/4። 4. 2ኮሳይን²ሀ − ኮሳይን ሀ − 1 = 0 ይሆናል፤ ደረጃ 1 ላይ የፈታችሁት እኩልታ ነው፤ ሀ = 0፣ 2ፓይ/3፣ 4ፓይ/3። 5. ፓይ/6፤ 5ፓይ/6 ያለ ወደ ደረጃ 6 ይመለስ። 6. 3፤ 1 ያለ ታችም ላይ 3ሀ እንዲኖር ላዩንም ታቹንም በ3 አባዝቶ ይሞክረው።